ጋሽ ወርቁ ያወቋት ድንጋይ አጥንት

ዛሬ ጠዋት የአባቴን አፅም ከመቃብር አውጥተን ግድግዳ ላይ ወደተሠራው ፉካ ስናዛውር፣ ቆፋሪው ጋሽ ወርቁ ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ቁራጭ አጥንት አነሡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት።

"ይህቺን ለብቻዋ ጠቅልሏት። ሌላው አፈር ሲሆን እሷ ትቀራለች፤ ድንጋይ ናት" አሉን።

እኔ የአናቶሚ መምህር ነኝ። አጥንቷን ወዲያው ለየኋት፤ ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ የምትገኘው ፔትረስ ናት። ቃሉ ሥሩ የግሪኩ "ጴትራ" ነው፤ ዐለት ማለት ነው። ጴጥሮስ የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሽ ወርቁ ብዙም አልተደነቁም። "ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?"

(ተማሪዎቼ በየፈተናው የሚስቱትን፣ ከራስ ቅል አጥንቶች ጠንካራዋ የትኛዋ ናት የሚለውን ጥያቄ እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው መለሱት።)

እንጦጦ ሥር ባለችው ደብራችን ዕድሜ ልካቸውን ሲቆፍሩ፣ የትኛው አጥንት ቶሎ እንደሚፈርስና የትኛው እንደሚቆይ እጃቸው አስተምሯቸዋል። እኔ ግን ከመጽሐፍ ሸምድጄ ነው ያወቅሁት።

"ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"መስሚያችንን ትጠብቃለች። የምንሰማበት የውስጥ ጆሮ ያለው እሷ ውስጥ ነው።"

ከጎኔ የቆመችው እናቴ ይህን ስትሰማ አጥንቷን ከእጃቸው ተቀበለች። በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋቻት።

"ተፈራ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው" አለችው አባቴን።

እናንተስ? ከመጽሐፍ የተማራችሁትን በእጁ የሚያውቅ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ። እኚያ ሰው በሕይወት ካሉ ግን አስቀድማችሁ ለእሳቸው ንገሯቸው፤ በጆሯቸው እየሰሙ።