የመሥራት መብት

እስከ ዛሬ ድረስ «ቤዚካሊ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። «በመሠረቱ» ለማለት ነው፤ ቃሉ ምንም አላደረገኝም። ያናደደኝ ያን ቀን ቃሉን የተናገረው ሰው ነው፤ እሱን እንደ ልቤ ስላልተናገርኩት ንዴቴ ቃሉ ላይ ቀረ።

ያኔ ጆርጂያ ውስጥ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ኖርክሮስ አንድ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። በዚያ ዓመት እትዬ ፍራሽ ሲያነሡ ቀኝ ትከሻቸው ተጎዳ። ሆቴሉ ራሱ የመረጠው ሐኪም ዘንድ ላካቸው። ሐኪሙ ነካ ነካ አደረጋቸውና ደህና ነዎት ብሎ ወደ ሥራ መለሳቸው። ሌላ ሐኪም ይየኝ ቢሉ ከኪስዎ ይክፈሉ ተባሉ። ከዚያ ወዲያ አልጋቸውን የማነጥፍላቸው እኔ ሆንኩ፤ እሳቸው በግራ እጃቸው መስታወት ይወለውላሉ።

ጥቅምት ላይ ምርጫ ደረሰ። ፕሬዚዳንት የማይመረጥበት፣ በሥልጣን ዘመኑ አጋማሽ የሚደረገው ምርጫ ነው፤ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኛ ግን ዜግነት የወሰድነው በቅርቡ ነበርና ለመምረጥ ቸኩለናል። አንድ እሑድ ከሰዓት በግቢያችን አዳራሽ ተሰብስበን ሳለ፣ እዚሁ ያደገና እዚሁ የተማረ፣ ሊልበርን ቤት የገዛ የእኛው ልጅ ለክልሉ ምክር ቤት ለሚወዳደር አንድ እጩ ሊቀሰቅስ መጣ። በአማርኛ የታተመ ወረቀት አደለን። በገዛ ቋንቋችን የምርጫ ወረቀት አይተን ስለማናውቅ ደስ አለን። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ለመሥራት መብትዎ የቆመ» ይላል።

እትዬ ግራ እጃቸውን አነሡ። ልጃቸው ጥገኝነት ጠይቆ፣ የሥራ ፈቃድ እስኪመጣለት ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚውለው።

«ልጄ፣ ይሄ የመሥራት መብት ያልከው የሥራ ፈቃዱን ነው? ለልጄ ያስመጣለታል?» አሉት።

«አዎ፣ ቤዚካሊ እንደዛ በይው» አላቸው።

እናቱን የሚያህሉ ሴት «በይው» ሲባሉ አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ አንቱታ ከየት ያምጣ ብለን አለፍነው። ምነው ያኔ በተቆጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቀስቃሽ ሆነው አረፉት። ያን ትከሻ ይዘው ደረጃ እየወጡ በር ያንኳኳሉ። ያመነታውን ሰው «የሰው ልጅ እንዳይሠራ ነው የምትፈልገው?» ብለው ያሳፍሩታል። የምርጫው ቀን ድምፅ መስጠታቸውን የሚናገረውን ተለጣፊ የሥራ ልብሳቸው ላይ ለጥፈው ዋሉ። እጩው በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ያ ጥቂት ድምፅ የእኛ ግቢ ይሆን እንዴ እያልኩ ዛሬም እበግናለሁ።

ነገሩን የነገረኝ የሆቴል ሠራተኛ በማኅበር ሊያደራጅ የሚመላለስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ወረቀቱን ተርጉሜ ባነበብኩለት ጊዜ ራሱን ያዘ። እዚህ አገር የመሥራት መብት ማለት ለሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ያለመክፈል መብት ነው አለኝ። ማኅበሩ ይራቆታል፣ አሠሪው ደስ ይለዋል፣ ሥራ የሚያገኝበት ሰው ግን የለም። የሥራ ፈቃድም ከዋሽንግተን እንጂ ከክልል ምክር ቤት አይመጣም። የተሸነፈው እጩ ደግሞ የተጎዳ ሠራተኛ ሐኪሙን ራሱ ይምረጥ ብሎ ነበር የተወዳደረው። የእሱ ወረቀት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነበር። እትዬ በገዛ ትከሻቸው ላይ ነው ድምፅ የሰጡት።

ያንን ልጅ ኖርክሮስ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት።

«ዋሸኸን» አልኩት።

«አይ ሚን፣ ቃል በቃል ነው ትራንስሌት ያደረግኩት። ራይት መብት ነው፣ ወርክ ሥራ ነው። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?»

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቃሉ ልክ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ አርሜው እገላገል ነበር።

«እትዬ ሲጠይቁህስ?»

«ኢሌክሽን ነበር እኮ። ሁሉንም ኤክስፕሌይን ማድረግ አይቻልም» አለና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ምን ነካሽ ልጄ፣ የመሥራት መብት ሰው ጎድቶ ያውቃል?» አሉኝ።

ከገና በኋላ እኔን ወደ ሌላ ፎቅ አዛወሩኝ። የእትዬ አልጋዎች ሳይነጠፉ መዋል ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራቸውና እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ። ሥራውን ስላልቻሉት ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ አለ። ነገርኳቸው።

እትዬ ቀና ብለው ተቀመጡ። «በይ ንገሪው» አሉኝ፤ «የመሥራት መብት አለኝ። ድምፄን ሰጥቼበታለሁ።»

እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሥራ አስኪያጁ ግር አለው፣ ከዚያ ፈገግ አለ። «የስ፣ ጆርጂያ ውስጥ ያ ሕግ አለ። ጥሩ ሕግ ነው» አለ።

እትዬ «የስ» የምትለዋን ሰምተዋታል። ወደ እኔ ዞረው እፎይ አሉ።

«አላልኩሽም?» አሉኝ። «በይ ነገ በስንት ሰዓት ልግባ ብለሽ ጠይቂልኝ።»