አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ

ሥራነሽ ምላሷ ስል፣ እጇ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ ግን እንደ ድሃ ጎተራ ቶሎ የሚያልቅ ሴት ነበረች። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ባሏ ፈንታ ጫካ ገብቷል። እሷም ከአማቷ ከወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ጋር ከአምበር ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ጎጆ ቀርታ ለአርበኞቹ ስንቅ ታሰናዳለች።

በዚያ ቤት መቁጠር አይወደድም። ልጅም ከብትም ከተቆጠረ ያልቃል ይላሉ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የወጣ ከብት ማታ ሲመለስ፣ እንደ እርሻ በሬ በዓይን ያጣምዱታል፤ አንዱ አጣማጅ ካጣ የጠፋ አለ። ፈንታም ምልክቱን ከዚሁ አወጣ። አጥሩ ላይ የተሰጣው ልብስ ቢበዛም ቢያንስም፣ ሁሉ ተጣምዶ ካለቀ «ኑ፣ ሰላም ነው»፤ አንድ ጎደሎ ከቀረ «እንዳትመጡ»። ልብስ በማስጣት ማን ይጠረጠራል?

ፈንታ ስንቅ ሊወስድ በሚመጣበት ቀን ልብሱ ጥንድ ሆኖ ተሰጣ። ረፋድ ላይ ሥራነሽ ለጣሊያን ያደሩ ባንዶች በቅሎዎቻቸውን ጓሮ ሲያስሩ አየች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጥሩ ላይ ጣል አደረገችና ምንም እንዳላየ ሰው ቤት ገባች። ወዲያው ተከትለው ገቡ። አለቃቸው ጠመንጃውን ወደ በሩ አነጣጥሮ ተቀመጠ። «ጠብቅ፣ ታገኘዋለህ!» አለች በልቧ።

ጥቂት ቆይቶ ወለተ ሐዋርያት ውሃ ቀድተው ገቡ። ኩታቸውን አልለበሱም።

«እማማ፣ ኩታዎ የት አለ?» አለች ሥራነሽ በሹክሹክታ።

«በቅሎዎቹን ሳይ አጥሩ ላይ ጣልሁት፤ አንቺ ያላየሻቸው መስሎኝ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሥራነሽ ወደ በሩ ተጠጋች። የሷ ጎደሎና የአማቷ ጎደሎ ተጣምደው ሙሉ ሆነዋል፤ አጥሩ «ና!» እያለ ነው። በበሩ ስንጥቅ ስታይ፣ ከማዶ ፈንታ ቁልቁለቱን ጀምሯል።

«ጌታዬ፣ አሮጊቷ በብርድ ሊሞቱብኝ ነው፤ ልብሳቸውን ላምጣላቸው» አለች።

አለቃው አፈጠጠባት። «ሁለታችሁም ልበሱና ተመለሱ። ዞር ብትሉ እተኩሳለሁ!»

ሁለቱም! ሁለቱም ከተነሣ ያው ጥንድ ነው። ወለተ ሐዋርያት ኩታቸውን አነሡና ደግነታቸው አላስችል ብሏቸው እጃቸውን ወደ ምራታቸው ነጠላ ሰደዱ። ሥራነሽ እጃቸውን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ይተዉት እማማ፣ ገና አልደረቀም።»

አሮጊቷ በዓይናቸው አጥሩን ከጫፍ ጫፍ አጣመዱ። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ነጠላውንም ለቀቁ። ማዶ ፈንታ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ቁጢጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ወደ ጫካው ተመለሰ።

ባንዶቹ እስኪመሽ ጠብቀው ማንም ሳይመጣ ሲቀር ጎጆዋን ከነአጥሩ ከነልብሱ ለኩሰው ሄዱ። ሥራነሽ ባዶ ትከሻዋን አቅፋ ስታለቅስ አማቷ ኩታውን ለሁለት ዘርግተው አለበሷት።

«ጎጆ ይቀለሳል፣ ልጄ» አሏት። «ልጄ ቢጎድልብኝ ግን በምን እሞላው ነበር?»