ከባቡሩ በር የታየው ውጤት

ባለፈው እሑድ ልጄ ቴዎድሮስ ከጎረቤታችን ከሰለሞን ጋር ግቢያችን ውስጥ ተጣላ። ልጄ ስል ሕፃን አይደለም፤ አርባ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። የተጣሉት በኳስ ነው። የትኛው ቡድን ስንት ዋንጫ እንደወሰደ፣ ሊጉ የዛሬ ስሙን ሳይይዝ በፊት የተገኘው ዋንጫ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም እያሉ ስልካቸውን አንዱ በሌላው አፍንጫ ሥር ደቀኑ።

"የድሮው አይቆጠርም አልኩህ" አለ ሰለሞን።

"ታዲያ ድሮ የተጫወቱት ጥላ ናቸው?"

"ማን ጻፈው? ማስረጃ አምጣ። ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚያወራው።"

ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ ሰው ሲጯጯህ አልችልም፤ ቶሎ እጅ ይነሳል ብዬ እፈራለሁ። ወጥቼ "እረፉ፣ ሰው ይሰማል" አልኳቸው። ቴዎድሮስ ሳቅ አለና "እማዬ፣ ግቢ በቃ፤ ይሄ የስታቲስቲክስ ጉዳይ ነው፣ አንቺን አያገባሽም" አለኝ።

ገባሁ። ግን ተናደድኩ፤ እስከ ማታም ንዴቱ አልለቀቀኝም። እኔ ኳስ አልወድም። ኳስ ሰውን ሲያባላ እንጂ ሲያስታርቅ አላየሁም። ሆኖም ቴዎድሮስ ሳይወለድ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በአቃቂ በሰቃ የሻምፒዮናውን ሰንጠረዥ በጠመኔ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ያልነገርኩበትን ምክንያት ነው ዛሬ የምጽፈው።

ያኔ አባቴ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ቡድን ነበረው። ሰፈራችን በሐዲዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ወዲህ የፋብሪካ ሰዎች፣ ወዲያ የምድር ባቡር ሰዎች። እነሱም ቡድን ነበራቸው፤ የሚጫወተው ድሬዳዋ ነበር። እኛ እነሱን "ጥቀርሻ" እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን "ብናኝ" ይሉናል፣ አባቶቻችን ከፋብሪካ ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ ጥጥ ስለሚቀር። ውሃ ስንቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንይዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር እንዲሁ ስንሰዳደብ ነው ያደግነው።

እናቴ ስትታመም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩና እትዬ ስንዱ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ ቤቱ መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቦምቦሊኖ እጠብሳለሁ። ግድግዳው ላይ ጥቁር የተቀባ ትልቅ ሳንቃ ነበር፤ እሱ ነው ሰሌዳችን። የተጫወተ፣ ያሸነፈ፣ አቻ የወጣ፣ የተሸነፈ፣ ያገባ፣ የገባበት፣ ነጥብ። ማሸነፍ ያኔ ሁለት ነጥብ ነበር። በመጀመሪያ የሚጽፈው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እትዬ ስንዱ ጠመኔውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቁጥር ስጽፍ ሰባቴና አንዴ አይምታታም፤ ድምሩን ሁለት ጊዜ ሳላጣራ ደግሞ አልወርድም ነበር። ፈሪ ሰው ጥሩ መዝጋቢ ይሆናል።

የአዲስ አበባውን ውጤት ስታዲየም የገቡ ሰዎች ይዘውልን ይመጣሉ። የድሬዳዋውን ግን ራዲዮ አንዳንዴ ይለዋል፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይለውም። ስለዚህ ከባቡር ነበር የምንቀበለው። የእሑድ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ከድሬዳዋ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ሰኞ ጠዋት በእኛ በኩል ያልፋል። አቃቂ አይቆምም፤ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል እንጂ። ጋሼ ወርቁ የሚባል ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣው ላይ የናስ ምልክት ያለው። ባቡሩ ገና ወደ እኛ ሲመጣ ከመጨረሻው ፉርጎ በር ወጣ ብሎ፣ በጉልበቱ የበሩን ብረት ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ቀኝ እጁ የእንግዳው ቡድን ጎል ነው፣ እኛ ስንሄድ የእኛ፤ ግራው የባለሜዳው። በጣቱ ይቆጥራል። እሱ ራሱ የምድር ባቡር ሰው ነው፤ የእነሱ ቡድን ደጋፊ ነው። ቢሆንም አንድም ቀን አታሎን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቀኝ ግራ ብዬ አልነበረም የማነበው። እሱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ስለሚመጣ ቀኝ እጁ በእኔ በግራ በኩል ነው የሚታየኝ። ስለዚህ "በግራዬ ያለው የእንግዳው" ብዬ ለምጄዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ጻፍኩ፤ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

የቡድኑ ጸሐፊ አቶ ሙሉጌታ ሰሌዳዬን ዘወትር ቆሞ ያየዋል። ቁጣ የሚቀናው፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው ነበር። አንድ ቀን ሻዩን እያማሰለ፣ "ስለ ጽሕፈትሽ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ" አለኝ። "ከሐምሌ ጀምሮ ፈረቃ መዝገብ ክፍል ትገቢያለሽ። እስከዚያ ግን ስህተት አልፈልግም። ስህተት የምትጽፍ ሴት ለእኔ አትሆንም።"

ፋብሪካ ቢሮ! ለስድስተኛ ክፍል ልጅ። እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሰኔ ላይ ነበር፤ የእኛ ቡድን ድሬዳዋ ሄዶ ከምድር ባቡሩ ቡድን ጋር። ካሸነፍን በዲቪዚዮኑ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአቃቂን ጥቁር ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ ይዞ አይለቅም። የሌሊት ፈረቃ የወጡት፣ የጠዋት ፈረቃ የሚገቡት፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የባቡር ሰዎች፣ ሁሉም ሐዲዱ ዳር ተሰልፎ በዓይኑ ይበላላል።

ባቡሩ መጣ። በሩ ላይ ግን ጋሼ ወርቁ የለም። በሩ በሰውና በብርቱካን ጆንያ ተጠቅጥቋል። ፉርጎው አለፈን፤ የብርቱካኑ ሽታ ብቻ ቀረን። ከዚያ ከእኛ ጥቂት ራቅ ካለ በኋላ ሰው ገፍቶ ወጣና ሁለት እጁን ዘረጋ። በግራዬ ሁለት ጣት፣ በቀኜ አንድ ጣት።

"ሁለት ለአንድ" አልኩ። "አሸንፈናል።"

ሌላ ያየ ሰው ካለም አፉን የከፈተ የለም፤ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው ብለው ለምደውኛል። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። የፋብሪካው ጎረምሶች እየጨፈሩ ሐዲዱን ተሻገሩ። የተሰጣ ልብስ ላይ ጭቃ ወረወሩ፤ "ጥቀርሻ ታጠበ" እያሉ የአንዱን ቤት መስኮት ሰበሩ። አቶ ሙሉጌታ እንዲያ ሲያደርጉ አይቶ አልተቆጣም። እንዲያውም ለሁሉም ሻይ ጋበዘ።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጋዜጣ ከከተማ በአውቶቡስ መጣ። አንድ መስመር ብቻ ናት። ሁለቱ ጎል የእነሱ፣ አንዱ የእኛ። ወርደናል።

የባቡር ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው እየመጡ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ሙሾ አወረዱ። "ብናኝ ሞተ፣ ቀባሪ አጣ" ይላሉ። ከእኛ ወገን አንዱ ጠርሙስ ወረወረ፤ የአንዲት ሴት ግንባር ተሰነጠቀ። ከዚያ ሰዉ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

እኔ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ላጠፋው ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ እጄን ዘርግቼ ሳለ፣ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ፉርጎው ካለፈን በኋላ የታየኝ የጋሼ ወርቁ ማጅራት ነው፤ የባርኔጣውን ናስ አላየሁም። ፊቱ ወደ አዲስ አበባ ነበር። ቀኙ በእኔም ቀኝ በኩል ነበረ። እሱ ትክክል አሳይቷል። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ሙሉጌታ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገብቶ ጠረጴዛ አስጸዳ።

"ነይ ውረጂ" አለኝ። "ተሳስተሽ ነው ወይስ ያ ሰው ዋሽቶ ነው?"

አንዱ ሽማግሌ፣ "ቀስ በል፣ ልጅ ናት" አለው።

"ልጅ ከሆነች መዝገብ አትያዝ። ተናገሪ።"

አባቴ በር ላይ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል። ከአባቴ ኋላ ጎረምሶቹ አሉ፤ ጠርሙሱን የወረወረውም አለ። እነዚያ ሰዎች ጥያቄ አልነበረም የያዙት። መልሱን ይዘው መጥተው ከእኔ አፍ እንዲወጣ ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ዛሬም ሳስበው እጠላቸዋለሁ።

"እሱ ነው እንዲያ ያሳየው" አልኩ።

"ለእኛ ሁለት ብሎ?"

"አዎ።"

አቶ ሙሉጌታ ጠረጴዛውን መታ። "አላልኳችሁም? ጥቀርሻ። ሆን ብሎ ነው መሳቂያ ያደረገን።"

እዚያው ደብዳቤ ተጻፈ። ተቆጣጣሪው ከሚሄድ ባቡር ተንጠልጥሎ የሐሰት ወሬ እየነዛ ሕዝብ እንዳጋጨ፣ ሴት እንደተፈነከተች፣ ሥራውን ትቶ ኳስ ሲያወራ እንደሚውል። ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው ብለው ያስጻፉኝ እኔን ነው። አንድ ፊደል አልሰረዝኩም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጋሼ ወርቁ በእግሩ መጣ። ያለ ባርኔጣ ሳየው አላወቅሁትም ነበር፤ ራሱ በራ ነው። ረፋድ ላይ ስለነበር ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእትዬ ስንዱና ከእኔ በቀር ሰው የለም። ሻይ አላዘዘም።

"እንደምን አደርሽ፣ አንቺ ልጅ። የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሐሩር አገር መደቡኝ። ከአዋሽ ማዶ። ጣቢያ ጠባቂ። ልጆቼ እዚህ ይማራሉ፤ እዚያ ትምህርት ቤት የለም።" ጀርባውን አዞረልኝ። ሁለት እጁን ዘረጋ፤ በአንዱ ሁለት ጣት፣ በሌላው አንድ። "እንዲህ ነበርኩ" አለ፣ ሳይዞር። "ቀኜ የቱ ነው?"

እትዬ ስንዱ ብርጭቆ ማጠቡን ተወች። እኔ ጣቶቹን አያለሁ፤ የሸሚዙን የተጣፈ ክርን አያለሁ።

"አላስታውስም፣ ጋሼ" አልኩት።

እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። "አልጠየቅሁሽም ታስታውሺ እንደሆን" አለና ወጣ።

እትዬ ስንዱ ዕለቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ ልሰናበታት ስል፣ "ነገ አትምጪ፤ ቢሮ አይደል የምትገቢው" አለችኝ።

ሐምሌ ላይ ፋብሪካ ገባሁ። ፈረቃ መዝገብ ክፍል ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ፤ አንድም ቀን ስህተት ጻፍሽ ተብዬ አላውቅም። ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ያስተማርኩት በዚያ ደመወዝ ነው። አቶ ሙሉጌታ ቀብር ላይ ሄጃለሁ፤ አላለቀስኩም። የጋሼ ወርቁን ወሬ አንዴ ጠይቄ "ልጆቹ ትምህርት ትተው ወደ አባታቸው ሄዱ" የሚል ሰምቻለሁ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ባቡሩ ራሱ ቆመ፤ ሐዲዱ በሣርና በቆሻሻ ተሸፈነ፤ ሻይ ቤቱ የነበረበት ዛሬ የጎማ መጠገኛ ነው።

ልጆቼ ፈሪ ናት ይሉኛል። መንገድ ሲሻገሩ፣ ወረቀት ሲፈርሙ፣ ስለ ሰው ሲናገሩ "አይታችኋል? በደንብ አይታችኋል?" እላለሁ። ቴዎድሮስ ይሰለቸዋል። ሰለሞን "ማን ጻፈው?" ብሎ ሲጮኽ ንዴቴ በእሱ አልነበረም። ጥያቄው ትክክል ነው። ሰንጠረዥ ሁሉ የሚጽፈው ሰው አለው፤ ያ ሰው ደግሞ ሥራ ይፈልጋል፣ እናት ታማበታለች፣ በር ላይ የቆሙ ጎረምሶችን ይፈራል። ስልካቸው ላይ ያለው ቁጥር ይህን አያሳይም።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነገ ቴዎድሮስን አስነብበውና በየትም በኩል ቢሆን ሰው እንዲያየው አድርግ እለዋለሁ። የእኔን ስም ይጻፍበት፤ የአባቴን አይጨምርብኝ። ያ ዓመት ማን እንደወረደ፣ ማን እንደቆየ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም። የምፈልገው የጋሼ ወርቁ ልጆች፣ የትም ይኑሩ፣ እንዲያነቡት ነው። አባታችሁ አልዋሸም። ቀኝ እጁ ላይ የነበረው አንድ ጣት ነው። እኔ አይቻለሁ።