ጋሽ ወርቅነህ ሲገቡ የሚቆመው ሳቅ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሻርሆልመን የሚባል ሰፈር የነበረችው የአበሻ ካፌ ሳትዘጋ በፊት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተሰብስበን ፉገራው ሲደራ፣ አዲስ አበባ የሰፈሬ ድድ ማስጫ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጋሽ ወርቅነህ ብቅ ካሉ አለቀ። ሁላችንም «ኖር!» ብለን እንነሳለን፤ ከዚያ ጨዋ መሆን ነው፤ ቀልዱም በጅምር ይቀራል። እሳቸው ግን ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ማንንም ተቆጥተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ አርፍጄ ስደርስ፣ ጋሽ ወርቅነህ በረዶው ላይ ቆመው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ምነው? አይገቡም እንዴ?»

«ተወኝ ልጄ። እኔ ስገባ ሳቃችሁን ትውጡታላችሁ። ቤቴ ደግሞ የሚስቅ ሰው የለም፤ እዚሁ ሆኜ ልስማ።»

አንጀቴን በሉት። ሮጬ ገባሁና «ስሙ! ጋሼ ሲገቡ የሚነሳ፣ ዝም የሚልም ወንድሜ አይደለም!» አልኩ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

እውነትም ማንም አልተነሳም። ሳሚ የጀመረውን ቀልድ ቀጠለ። እኛም ላለመነሳት ወንበራችንን ጨብጠን፣ እየተሳቀቅን ሳቅን። እኔማ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎ ሲታገለኝ ነበር።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው መሃል ቤት ቆሙ። ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን አስቀየምኳችሁ?»