ባለ መንኮራኩሩ መርከብ

አሜሪካ ውስጥ ከብሬመርተን ወደ ሲያትል ከልጄ ጋር ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት ማመላለሻ መርከብ፣ ፌሪው፣ ጭጋጉ መሃል ቀስ እያለ ሄደና ቆመ። ወዲያው ከፊታችን የሌላ መርከብ ጡሩምባ ጮኸ። በጣም ቅርብ ነበር። ዋና አላውቅም። ልጄን ጎትቼ በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አሰርኳት፤ ከሄድንም አብረን እንሂድ ብዬ።

«ማሚ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን እኮ ነው» አለችኝ።

ያ ጩኸት ወደ ልጅነቴ፣ ወደ አሰብ ወደብ መለሰኝ። አባቴ እዚያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ማታ ማታ በፀሐይ የጋለው የወደቡ ብረት ሲበርድ፣ ከንፈሬ ላይ የባሕሩ ጨው ደርቆ፣ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

«አባዬ፣ መርከብ ለምን ይጮኻል?» አልኩት አንድ ማታ።

ከአንድ የመናዊ መርከበኛ የሰማውን አወራኝ። «ድሮ በሁለት ጎኑ እንደ ወፍጮ የሚዞር መንኮራኩር ያለው የእንፋሎት መርከብ ነበር። ትልቁን ውቅያኖስ አቋርጦ አሜሪካ ሲደርስ ሰዉ በደስታ ጮኸለት። ስንት ጊዜ ተመላለሰ! አንድ ጊዜ ግን በማዕበል ወቅት ከአሜሪካ እንደወጣ ቀረ። ስብርባሪው እንኳ አልተገኘም፤ ጩኸቱንም የሰማ የለም። ልጄ፣ መርከብ የሚጮኸው እዚህ አለሁ ለማለት ነው። የሚጮኸውን አትፍሪ፤ ዝም ያለውን ነው መፍራት።»

እናቴ ጯሂ ስለነበረች ስለሷ የሚያወራ መስሎኝ በጣም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጭጋጉ ውስጥ ጡሩምባው እንደገና ጮኸ። የእኛም ፌሪ ጮኾ መለሰለት። ትንሽ ቆይቶ ኮንቴነር የተከመረበት ረጅም መርከብ ከፊታችን እንደ ጥላ አለፈ። ልጄ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ከዚያ ፌሪው ተንቀሳቀሰ።

ሲያትል ደርሰን መሬት ረገጥን። እኔም ልጄም ደህና ነን።