በእህቴ ደጅ የማያልፈው መንገድ

የሚስቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ። መንገድ ላይ፣ አቀስታ ጋ፣ ብርድ ይመታታል ብሎ ብርድ ልብስ አልብሷታል፤ እሱ በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጠ። እኔ ሰውዬውን መናቅ የጀመርኩት መካነ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ ነው፤ እስካሁንም አልጨረስኩም።

ሳይክሏ የሩቅ መንገድ ሳይክል ናት። ከኋላዋ ግራና ቀኝ ቦርሳ ይንጠለጠልባታል፤ ገበያ የምትሄድ አህያ ነው የምትመስለው። እኔም አንድ አለችኝ፣ እሱ የሰጠኝ አሮጌ። ሌላ ሰው አማቹን ኮት ያለብሳል፤ የእኔው ሳይክልና ጠባብ ቁምጣ አለበሰኝ። ቁምጣዋ የእሱን ጭን አይታ ነው የተሰፋችው። እኔ ስገባባት ሊጥ የሞሉት ካልሲ እመስላለሁ። ግን ምን ላድርግ? ሁለት ሱሪ የሳይክሏ ካቴና በልቶብኛል።

ችግሩ የመጣው በዚችው ቁምጣ ነው። ታላቅ እህቴ ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫካው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰበካው ቄስ ጋር ደጇ ላይ ቆማ ስታወራ በሳይክል ብቅ አልኩ። ቄሱ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። እህቴ ግን አላነሳችም።

«ማርያምን!» አለች። «ይህን ነገር ለብሶ ደጄን ከረገጠ ወንድም የለኝም። ሳይገባ በደጄ ካለፈም ወንድም የለኝም!»

እንግዲህ ቁምጣ ለብሼ መግባት አልችል፣ ሳልገባ ማለፍ አልችል። እህቴ ደግሞ በማርያም ምላ ያጠፈችው ነገር የለም። እኔም ኮራሁ፤ ሱሪ ለብሼ እንኳ ሳልሄድ ክረምቱ አለፈ። ለመስቀል ሁሌ የምትልክልኝ ጠላ ቀረ። ይኼኔ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ። ያለችኝ እህት አንዲት ናት፤ እሷንም በአንድ ክንድ ጨርቅ ላጣት ነው።

አማቼ ይህን አያውቅም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና አረንጓዴ መስመር አሳየኝ።

«መካከለኛ ነው ጋሼ። ጠዋት ወጥተን፣ ጫካውን ዞረን፣ ከሰዓት እንመለሳለን።»

«መካከለኛ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ዳገቱን ይለካዋል።»

«በሩንስ?»

«የምን በር?»

ይሄ ነው እንግዲህ የተማረ ሰው! «ስማ» አልኩት፣ «ዳገትማ ይወጣል። በር ነው የማይወጣው። እዚህ ጋ የንስሐ አባቴ አሉ። እዚያ ጋ የራስህ አክስት አለች፤ ከያዘችህ እስከ ማታ አትለቅህም። መንገድ ማለት እኮ በመሀሉ ትንሽ ትንሽ ሜዳ ያለው የዘመድ ቤት ነው።»

«እጃችንን አውለብልበን ብናልፍስ?»

«እዚህ አገር እጅ የሚወዛወዘው ለዝንብ ነው።»

ሚስቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። «እግር የፈጠረላችሁን ትታችሁ ጎማ ስትነፉ!» አለች። እሷ ሁለታችንንም ትንቃለች፤ ያውም ሳታበላልጥ።

ዘዴው ለእኔ ነው የመጣልኝ፤ እንዲህ ያለ ዘዴ ለሌላ ለማን ይመጣል? ረቡዕ እንሂድ፣ ጾም ነው። በጠዋት ጾመኛን ብላ ብሎ የሚያስቀምጥ የለም፤ «ጾም ነን!» እያልን በየበሩ ሽው ማለት ነው። የእህቴ ቤት ጋ ስንደርስ ደግሞ መንገዱን ለቀን፣ በጽዱና በወይራው መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ከቤቷ ጀርባ እንዞራለን።

«እዚህ ጋ መንገድ የለም» አለ አማቼ ስልኩን እያጎላ።

«ስልክህ ላይ የለም። ፍየል ግን ያውቀዋል።»

እንዳልኩትም ሆነ። የንስሐ አባቴ ሲያዩን መስቀላቸውን አወጡ። «ጾም ነን አባ» ስል በሩቁ ባርከው ለቀቁን፤ ዓይናቸውን መጨፈናቸው ለጸሎት ይሁን ለቁምጣዬ እንጃ። የአማቼ አክስት «ስትመለሱ ግን!» ብላ ማለች። እኔ አማቼን ዞር እያልኩ በኩራት አየው ነበር። አየህ መካከለኛ ማለት? እያልኩ፣ በሆዴ።

በዚያች ቀጭን መንገድ ጫካው ውስጥ ስንገባ ግን ሳይክል መንዳት ቀረ። ዝናቡ ያቦካው ጭቃ፣ የወይራ ሥር፣ ድንጋይ። ሳይክሎቹን ተሸከምናቸው። ሰው ሊጋልባት ያወጣትን በቅሎ ተሸክሞ ሲሄድ ቢታይ ጠበል ይወስዱታል፤ እኛን ግን ማንም አልወሰደን። የአማቼ ስልክ ይጮሃል።

«ከመንገድ ወጥታችኋል እያለ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል የወጣነው?»

እዚህ ላይ የረሳሁት ነገር አለ፤ የአማቼ ሳይክል ደወል አላት። ሥር በመታን ቁጥር ቂል፣ ቂል ትላለች። ፍየሏ ያወጣችው መንገድ ደግሞ ለካ የሚያልቀው ፍየሏ የምትወደው ቦታ ነው፤ የእህቴ ጓሮ። እህቴ ጌሾ እየለቀመች ነው።

«ማነው በጓሮ?»

«እኛ ነን እትዬ።»

«በደጅ የሚመጣ እንግዳ ነው። በጓሮ የሚመጣ ጅብ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ጅብም ቢሆን ቃጭል አስሮ አይመጣም።»

ቀና ስትል ከሳይክሏ ኋላ ተደበቅሁ። ሳይክል እንግዲህ ሽቦ ነው፤ የእኔን ሆድ በምኑ ይከልላል? እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቁምጣዋ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ደግሞ ልስማት ብዬ እግሬን በአጥሩ ላይ አነሳሁ።

«እንዳትረግጥ!» ብላ ጮኸች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ድምጿ ግን ተንቀጠቀጠ። «ማርያምን ብያለሁ እኮ! አትርገጥ አንተ ልጅ!»

አንድ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ጌሾዋን ጥላ ሮጣ ገባች። ተመልሳ የባሏን ጋቢ በአጥሩ ላይ ወረወረችልኝ።

«ተጠቅለል። ከወገብህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ።»

ተጠቀለልኩ። ዞራ ዞራ አየችኝ።

«አሁን የለበስከው ምንድን ነው?»

«ጋቢ።»

«እኔ በጋቢ ላይ አልማልኩም። ግባ፣ አንተ ከርፋፋ!» ብላ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ የጌሾ ቅጠል ይሆናል።

አማቼ የራሱን ቁምጣ እያየ «እኔስ እትዬ?» አላት።

«አንተ ወንድሜ አይደለህም። እንደፈለገ ይብረድህ።»

ከዚያ አማቼ የእኔኑ ዘዴ እኔው ላይ አመጣው። «እትዬ፣ ጾም ስለሆንን ሰላም ብለንዎት እንቀጥል…»

«ጾም ናችሁ?» እህቴ ደስ አላት። «ጎሽ! እንግዲያው ቅዳሴ እስኪወጣ ተቀመጡ፤ ከዚያ ትበላላችሁ።»

በየበሩ ያሳለፈን ጾም እዚህ በር ላይ አሰረን። በባዶ ሆድ፣ እኔ ጋቢ ለብሼ፣ እሱ ጉልበቱን አቅፎ፣ እንደ ተከሳሽ መደብ ላይ ተቀመጥን። መሄድ እንዳንችል ሳይክሎቹን ከበሬዎቹ ጋር ጋጥ አስገባቻቸው። አማቼ በየጊዜው ስልኩን ያያል።

«ምን ይልሃል?» አለችው።

«ቆማችኋል ይላል።»

«ይህን ለማወቅ ነው ብር የከፈልክበት?»

ጾሙ ሲፈታ ሽሮው መጣ። ከዚያም ጓዳ ገብታ አንድ ገንቦ አወጣች፤ አፉ በጨርቅ እንደታሰረ ነው። የመስቀል ጠላ። ለእኔ ብላ ጠምቃ፣ ሳትልክልኝ፣ ሌላ ሰውም ሳታጠጣ አስቀምጣዋለች።

«ኮምጥጧል» አለች እየቀዳች። «እንዳንተው ነው።»

እውነትም ኮምጥጧል። ደገምኩ።

ጫካውን መዞር በዚያው ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳይክላችንን እየገፋን ልንወጣ ስንል የፊቱን ደጅ አሳየችን፤ «እንደ ሰው ውጡ» ብላ። መንገዱ ላይ ስንቆም የአማቼ ስልክ ጩኸቱን አቆመ፤ አረንጓዴው መስመር ላይ ተመልሰናል።

«ጋቢውን ሳትመልስ እንዳትቀር!» አለች እህቴ ከኋላዬ።

«ምን ለብሼ ልመልሰው?»

«ጋቢውን!»