የዓርቡ ስብሰባ

«ተራራውን ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቶ ከለለው» ይባላል። ውሸት ነው። ያልተስማሙ ነበሩ፤ ስብሰባው ላይ እንዳይገኙ ያደረግኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። በየመጽሔቱ የሌላውን ሰው ግብዝነት ስተች የኖርኩ ሰው የራሴን ለመጻፍ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀብኝ።

ነገሩ የሆነው ከደብረ ታቦር ወደ ጉና አቅጣጫ ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። ከበላይዋ ያለው ተራራ ያን ጊዜ ተራቁቶ ድንጋይ ብቻ ቀርቶት ነበር። በክረምት ጎርፉ ማሳውን ጠርጎ ይወርዳል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል። እኔ ወጣት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ነዋሪውን አስተባብሮ ተራራውን ከከብት መከለል፣ እርከን ማሠራት፣ የሚበቅለውን ሣር ሕዝቡ እያጨደ እንዲካፈል ደንብ ማስጸደቅ ነበር። «አጋርነት» የሚል ቃል ከአፌ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ስብሰባ የጠራሁት በገበያ ቀን ነው። ገበሬዎቹም፣ ከተራራው ሥር የሚኖሩት ሙስሊም ሸማኔዎችም ተገኙ። ሸማኔዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ያላቸው የሽመና ዕቃና ፍየል ነው፤ ፍየሎቹ ደግሞ የሚውሉት እዚያው ተራራ ላይ ነው። ረጅም ንግግር አደረግሁ። ስጨርስ ሰይድ የሚባል ሸማኔ ተነሣ።

«አንተ ልጅ፣ ተራራው ታሟል ካልክ ይታከም፤ ማን ጠላ? ግን በሽተኛው ተራራው ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን የምትውጠው የኔ ፍየል የሆነችው ለምንድን ነው?»

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። «እሱስ እውነቱን ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሰይድ ግን አስቆ አልተቀመጠም። በገደሉ በኩል ያለችውን ጠባብ ቁራጭ ለበጋ ተዉልን፣ ከሣሩም ድርሻ ይኑረን፣ እኛም ለእርከኑ ሥራ ከማንም እኩል እንወጣለን አለ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። ሰውየው ያቀረበው ሐሳብ እኔ በየቀኑ የምሰብከው አጋርነት ራሱ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው።

አለቆቼ ደንቡ ከክረምት በፊት ይጽደቅ እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። ይህን ምክንያት ማድረግ እችላለሁ፤ ግን ምክንያቴ አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ። ያልነበረኝ የሚያስቅብኝን ሰው የመቻል ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛውን ስብሰባ ለዓርብ፣ ለስድስት ሰዓት ተኩል ጠራሁ። ለተራራው ሥራ የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው ገበሬ ጋሽ መኳንንት፣ ይህን ሲሰሙ ግራ ተጋቡ።

«በዚህ ሰዓትማ እነ ሰይድ ጁምዓ ሶላት ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ለሁሉም የሚመች ቀን ስንፈልግ ዝናቡ ሊመጣብን ነው» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ገብቷቸዋል። እንደገባቸው እኔም ገብቶኛል። ቀኑን ግን አልቀየርኩም።

ዓርብ ዕለት እጅ ወጣ። አንድም የተቃወመ የለም፤ ተቃዋሚው መስጊድ ነበራ! ደንቡ ላይ «የሣሩ ተጠቃሚ በዛሬው ስብሰባ ተገኝቶ ደንቡን የተቀበለ ነዋሪና ቤተሰቡ ነው» የሚል አንቀጽ አስገባሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሰይድና ጎረቤቶቹ ከመስጊድ እየተጣደፉ ሲደርሱ ሰው ጋቢውን እያራገፈ ይነሣ ነበር።

«ተጀመረ?»

«አለቀ» አለው አንዱ።

ሰይድ ወደ እኔ መጣ። አልጮኸም። «ዓርብን ማን መረጠው?» አለኝ።

«ኮሚቴው» አልኩት።

ጋሽ መኳንንት አጠገቤ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ያን ቀን «እኔ» ማለት ያቃተኝ ሰው፣ ዛሬ ይኸው በየመስመሩ እኔ እኔ እላለሁ።

ሰይድ ፍየሎቹን ሸጠ። ሽመናው ብቻውን ቤተሰቡን አላኖር ሲለው ቤቱን ዘግቶ ወደ ይፋግ ከተማ ወረደ፤ እዚያው ሞተ። ተራራው ግን አገገመ። ምንጩ በጋም አይደርቅም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይወሰዳል፣ ፎቶ ይነሣል። በደሌን የደበቀልኝም ይኸው ልምላሜ ነው። ተራራው ራቁቱን ቢቀር ኖሮ «ምን አበላሸው?» ብሎ የሚጠይቅ ይገኝ ነበር። የለመለመን ነገር ማን ይመረምራል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «ውጤቱን እይ» እያልኩ ኅሊናዬን አስተኛሁ! ተራራው የለመለመው ግን በውሸቴ አይደለም። ሰይድ ድርሻውን ቢያገኝም ይለመልም ነበር፤ እንዲያውም ድንጋይ የሚክብ ተጨማሪ እጅ ይኖረው ነበር።

ዘንድሮ የሰይድ ልጅ ዘይነብ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ፍየሎቿን ቤት አስራ ለመቀለብ የሣር ድርሻ ብትጠይቅ «አባትሽ ስብሰባው ላይ አልነበረም» ተባለች። የነገረኝ ሰው እንደ ዋዛ ነው ያወራልኝ። እኔ ግን የጻፍኩትን አንቀጽ ከሰው አፍ ሰማሁት።

ደንቡን ለማደስ በቅርቡ ስብሰባ ይጠራል፤ እሄዳለሁ። ተነሥቼ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ «ኮሚቴው» ያልኩት ውሸት ነው እላለሁ። ጋሽ መኳንንት አርፈዋል፤ በእሳቸው ላይ የጫንኩትንም በሕዝብ ፊት አወርዳለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ዓርብ ምን ቀን እንደሆነ ለማወቅ ሽበት አያስፈልግም።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገር ግን ይህን የምታነቡት ከዚያ ተራራ ሣር የምታጭዱ ሰዎች ከሆናችሁ፣ ስናገር «ያለፈ ነገር ነው፣ ተቀመጥ» አትበሉኝ። አስጨርሱኝ፤ ከዚያ ለዘይነብ ድርሻዋን ስጧት።